«ፈተና ደረሰብህ እንዴ?»

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ልብ ወለድ ገልጬ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያሉት እናት አንዴ እኔን፣ አንዴ መጽሐፉን ሲያዩ ቆዩና «ፈተና ደረሰብህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ ቆይቷል። ፈተና የሚባል ነገር ከተቀመጥኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። «አይ እማማ፣ እንዲሁ ነው የማነበው» አልኳቸው። «እንዲሁ?» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ይሁን፣ ሥራ ከመፍታት ይሻላል» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አልፈርድባቸውም። ስለ ንባብ ባህላችን ብዙ ስብሰባ ተቀምጬ ከሰማሁት የበለጠ ነገር ነው በአንድ ጥያቄ የነገሩኝ። በእኛ ቋንቋ ማንበብና ማጥናት ከተጋቡ ቆይተዋል። «እያነበበ ነው፣ አትረብሹት» ከተባለ ልጁ ፈተና አለበት ማለት ነው። «ላይብረሪ ነኝ» የሚል ጓደኛ ሃንድአውቱን ዘርግቶ ተቀምጧል እንጂ ከመደርደሪያ መጽሐፍ እየመረጠ አይደለም። ካምፓስ ስንገባ ደግሞ ጭራሽ ስሙ ተቀይሮ «መቸከል» ሆነ። ብዙ የሚያጠና ሰው «ቸካይ» ይባላል። ደስ ስላለው ብቻ የሚያነብ ሰው ግን ስም አልወጣለትም። እንዲሁ ነው።

ቤት ውስጥም ያው ነበር። አባቴ የሂሳብ ደብተሬ ውስጥ ልብ ወለድ ደብቄ ሲይዘኝ «ይሄ ነው እንጀራ የሚሆንህ?» ይለኝ ነበር። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጮክ ብዬ ስሸመድድ ግን ሻይ በዳቦ ይመጣልኛል። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ የሚያሰለች ንባብ ያስመሰግናል፣ የሚጥም ንባብ ያስቆጣል። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው ያደግነው።

ታዲያ አገሩ ንባብን አላንቋሸሸም። «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚለውን መፈክር የማያውቅ አለ? የትምህርት ቤት አጥር ላይ ተጽፏል። ደብተር ጀርባ ላይ አለ። የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይ በመጣ ቁጥር ቲሸርት ላይ ይታተማል፤ እኔም አንድ ነበረኝ። አባባሉ የአገር ቤት ይመስላል እንጂ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. በ1597 ስለ ጥናት ባሳተመው አጭር ድርሰት ውስጥ ቃል በቃል ይገኛል። የሚገርመው ሌላ ነው። ያ ድርሰት ሲጀምር ጥናት ለሦስት ነገር ይጠቅማል ይላል፤ ለደስታ፣ ለጌጥ፣ ለችሎታ። ደስታን ነው አንደኛ ያስቀመጠው። እኛ «ሙሉ ሰው»ን ከመሃል መዝዘን ግድግዳ ላይ ጻፍን፤ ደስታውን እዚያው ተውነው።

እኔ የምለው፣ ንባብ ይሰጣል እያልን የምንሰብከው ጥቅም አብዛኛው የሚመጣው ጥቅሙን ሳያስቡ ከማንበብ ነው። ይህ የልብ ወለድ ወዳጅ ምኞት እንዳይመስል ማስረጃ ላምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1970 በብሪታንያ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ 17,000 ያህል ልጆች አሉ። ተመራማሪዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኑሯቸውን ሲከታተሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሊስ ሱሊቫንና ማት ብራውን የተባሉ የለንደን ተመራማሪዎች ከእነዚህ ውስጥ የ6,000 ያህሉን መረጃ ይዘው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። በትርፍ ጊዜያቸው፣ ማንም ሳያዛቸው የሚያነቡ ልጆች ከ10 እስከ 16 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ከሌሎቹ የተለየ ለውጥ ያሳያሉ ወይ? አሳይተዋል። በቃላት ዕውቀት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቃላትን አስተካክሎ በመጻፍም ልዩነት አለ። ብዙ ሰው ያልጠበቀው በሂሳብም መገኘቱ ነው።

«የተማረ ቤተሰብ ልጅ ነዋ፣ ምን ይገርማል» የሚል ይኖራል። ደግ ጥርጣሬ ነው። ለዚህም ነው ንጽጽሩ የቤተሰባቸው ሁኔታ በተቀራረበና 5 እና 10 ዓመት ሳሉ በፈተና ተመሳሳይ ውጤት ባመጡ ልጆች መካከል የተደረገው። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ አልጠፋም። መጽሐፍ ማዘውተር፣ ቤተ መጻሕፍት መመላለስና በ16 ዓመት ጋዜጣ ማንበብ አንድ ላይ ሲደመሩ፣ ዲግሪ ያለው ወላጅ ማግኘት ከሚሰጠው ብልጫ አራት እጥፍ የሚከብዱ ሆነው ተገኙ። ዲግሪ ያለው ወላጅ መምረጥ አይቻልም። መጽሐፍ ግን ይመረጣል።

ሁለተኛው ማስረጃ ለእኛ የበለጠ የሚያወራ ይመስለኛል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ ኦኢሲዲ የሚባለው፣ በየጥቂት ዓመቱ የብዙ አገር የ15 ዓመት ልጆችን ይፈትናል፤ ፒሳ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የመጀመሪያው ፈተና አማካዩ የንባብ ውጤት 500 ነበር። ወላጆቻቸው በዝቅተኛ የሥራ ደረጃ ላይ ያሉ፣ ግን ንባብ የሚወዱና የሚያዘወትሩ ልጆች 540 አመጡ። ወላጆቻቸው በከፍተኛ የሥራ ደረጃ ላይ ያሉ፣ ግን ንባብ የማይወዱት 491። በእኛ ሰፈር ሒሳብ የዘበኛው ልጅ የሥራ አስኪያጁን ልጅ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። በእርግጥ ነገሩ በሁለት በኩል ይሠራል። በደንብ ማንበብ የሚችል ልጅ ንባብን ይወዳል፣ የሚወድ ደግሞ ይበልጥ ይችላል። ክቡ የትም ይጀምር፣ ያለ ደስታ ግን አይዞርም።

እንዴት ነው የሚሠራው? ምሥጢሩ ብዛት ነው። እስቲ እናስላ። አንድ ልጅ በደቂቃ 100 ቃል እያነበበ በቀን 20 ደቂቃ ቢቀመጥ 2,000 ቃል ነው። በዓመት 730,000 ይሆናል። ባለ 50,000 ቃል ልብ ወለድ ቢሆን 14 መጽሐፍ ጨርሶ አሥራ አምስተኛውን ይዟል ማለት ነው። ሌላኛው ልጅ ደግሞ ለፈተና ብሎ አንዱን ምዕራፍ አሥር ጊዜ ይደግመዋል። የተቀመጠበት ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። ያገኘው ቃልና ዓረፍተ ነገር ግን የዚያው የአንዱ ምዕራፍ ነው። ልጁን ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በግድ ማስነበብ የቻለ ወላጅ አላየሁም። በሦስተኛው ቀን ወይ ልጁ ያለቅሳል፣ ወይ ወላጁ ይሰለቻል። ልጁን በማግስቱም መጽሐፉ ፊት የሚያስቀምጠው «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለው ጉጉት ብቻ ነው።

የቃል ነገር ከተነሳ፣ ስናወራ የምንጠቀምባቸው ቃላት ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «እንትኑን አምጣው እስቲ፣ ያ እንትን ላይ ያለውን» ብለን እንግባባለን። በእጃችን እንጠቁማለን፣ በዐይናችን እንጨርሳለን። ጽሑፍ እንትን አያውቅም። ደራሲ ነገሩን በስሙ መጥራት አለበት። በእንግሊዝኛ በተደረገ የታወቀ ጥናት ለሕፃናት የተጻፉ መጻሕፍት እንኳ የተማሩ አዋቂዎች እርስ በርስ ከሚያወሩት ይልቅ ብዙ ብርቅ ቃላት እንዳሏቸው ታይቷል። በአማርኛ የተቆጠረ አላየሁም፤ ግን ካፌ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ወሬ ማዳመጥ በቂ ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ማጥበቅና ማላላትን አንጽፍም። «ይበላል» የሚለውን ተመልከቱ። ልጁ ይበላል ወይስ ምግቡ ይበላል? ፊደሉ አይነግረንም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? «ዋና» ወንዝ ውስጥ ነው ወይስ መሥሪያ ቤት ውስጥ? ልምድ ያለው አንባቢ አይቸገርም፤ ዐይኑ ቀድሞ ሄዶ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አይቶ ስለሚመለስ ድምፁን ሳያውቀው ያስተካክላል። ፊደል የቆጠረ ግን ያልተለማመደ ልጅ «ይ፣ በ፣ ላ፣ ል» ብሎ ይደርስና ይቆማል። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው፤ ይህን መሸምደድ ይቻላል። ማጥበቅና ማላላትን ግን መምህር ቢደክም በሕግ አያስጨብጠውም። በብዛት በማንበብ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው። ልጁ እያንዳንዱን ቃል ለመፍታት ሲታገል አእምሮው ለትርጉሙ አይተርፍም። ሲለማመድ ነው ነጻ የሚወጣው።

የሂሳቡ እንቆቅልሽም እዚህ ላይ የሚፈታ ይመስለኛል። «አንድ ነጋዴ 3 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ...» የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ በፊት ንባብ ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ማባዛቱ ጋ ሳይደርስ ነው።

የእኛን ሁኔታ እንይ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የንባብ ፈተና ተሰጥቷቸው ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች አድገው የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከደረሱበት ጊዜ ጀምሮ ደግሞ የምናውቀው ነው። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ጦርነት አለበት፣ ኮቪድ አለበት፣ የመምህር ደመወዝ አለበት፣ ከአማርኛ ወይም ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ ድንገት መሻገር አለበት። ልብ ወለድ ባለማንበባቸው ነው የወደቁት ብል ራሴም እስቃለሁ። ነገር ግን ፈተናው ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ ምንባብ ሰጥቶ ጥያቄ ይጠይቃል። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ አንድም ገጽ ደስ ብሎት አንብቦ ለማያውቅ ልጅ ያ ገጽ ተራራ ነው። የእኛ ታላላቆች እንግሊዝኛን እንዴት እንደለመዱ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ የሰዋስው መጽሐፍ አይጠቅሱም። ሽፋኑ የተገነጠለ የወንጀል ልብ ወለድ ነው የሚያነሱላችሁ።

ይህ ንባብን ከግዴታ ጋር የማጣበቅ ነገር ከየት መጣ? ሥሩ ረጅም ነው። የቆሎ ተማሪ ንባብ ቤት ገብቶ ግዕዝ፣ ውርድ፣ ቁም ንባብ እያለ ይወጣል። ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ቃሉን ልብ በሉ፤ «ይደግማል» እንጂ «ያነባል» አይባልም። ንባብ የጸሎት ሥራ ነው፣ በድምፅ ነው፣ በቁም ነው። ይህን ለማንኳሰስ አይደለም። ፊደላችንን እስከዛሬ ያደረሰው ያ ሥርዓት ነው፤ ዜማው የሚጣፍጣቸውም ነበሩ። ብቻ መጽሐፍ የሚከበር እንጂ አልጋ ላይ ተጋድመው የሚስቁበት ነገር አልነበረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሲያሳትሙ ርዕሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። የነገሩ ስም ርዕስ እስኪሆን ድረስ አዲስ ነበር ማለት ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣው የደርግ መንግሥትም ንባብን የወደደው ለሥራ ነው። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትልቅ ነገር ነበር። አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር አንድ ዳስ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ትምህርቱ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ግን ሀሁን ለጨረሱት ገበሬ በማግስቱ የቀረበላቸው ስለ ማዳበሪያና ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያወራ መጽሔት ነበር። ጠቃሚ ነው። ደግሞ ማን ይወደዋል? ብዙዎች የቆጠሩትን ፊደል መልሰው ረሱት።

በዚያው ዘመን ግን ከጎን ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ይተርክ ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ገልጠውት የማያውቁ ሰዎች የበዛብህንና የሰብለን ነገር በወጋየሁ ድምፅ ያውቁታል። እናቴ ትረካው ሲደርስ ወጥ ትታ እንደምትቀመጥ አስታውሳለሁ። ማንም ንባብ ይጠቅማል ብሎ አልሰበካትም። ወጡ ሲያር ግን አባቴ ሬዲዮኑን ይሰድብ ነበር።

ሌላው የዚያ ዘመን ነገር ኪራይ ነው። አሁን ለወጣት ስነግረው አያምነኝም። ሰፈራችን ጥግ ላይ አንዲት ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ከሳሙናና ከክብሪቱ በላይ ሽቦ ወጥሮ መጽሐፍ ያንጠለጥላል። በሳንቲም ይከራያል፣ በአዳር ይቆጠራል፣ መታወቂያ ያስይዛል። አዳር ስለሚቆጠር ሌሊቱን ነው የምንጨርሰው። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ጓደኛ እናዋጣና ተራ በተራ፣ አንዳንዴም አንድ ላይ አንገት ለአንገት ገጥመን እናነባለን። ቀድሞ የጨረሰ ገጽ እንዳይገልጥ ክርክር አለ። አራት ኪሎ ደግሞ ጋዜጣ ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ መመለስ የተለመደ ነበር። የስፖርት ጋዜጣ ሲበዛ፣ ክፍል ውስጥ አንድ አንቀጽ አንብብ ሲባል የሚንተባተበው ጓደኛዬ የዝውውር ዜናውን እንደ ዜና አንባቢ ሲያንበለብለው ሰምቼዋለሁ። ስለ አርሰናል የሚያነበውን ግን ማንም ንባብ አላለውም።

ያ ኪራይ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ለምን ጠፋ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ ስልክ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የምንዛሪው ነገር ወረቀት ላይ ምን እንዳደረገ ማተሚያ ቤት የሄደ ደራሲ ይንገራችሁ። ዛሬ አንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ብዙ መቶ ብር ነው። ደመወዝተኛ ወላጅ ይህን አውጥቶ ለልጁ «እንዲሁ» የሚነበብ መጽሐፍ ይገዛል ማለት ዘበት ነው። ከገዛም የሚጠቅም ብሎ ነው የሚገዛው፤ አጋዥ መጽሐፍ፣ ወርክ ሺት፣ ቢበዛ «ስኬታማ የመሆን ምሥጢሮች»። ስለዚህ አንባቢው ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ያነባል። ደራሲው ሳንቲም አያገኝም፣ ቀጣዩን መጽሐፍ አያሳትምም። አንባቢውን አልወቅስም፣ ደራሲውንም። ኪራዩ ቢኖር ሁለቱንም ይታደግ ነበር ብዬ ግን አስባለሁ።

ቤተ መጻሕፍት አልተሠራም አይባልም። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ሲያዩት ያኮራል። ስሄድ ግን አብዛኛውን ጠረጴዛ የያዘው ከቤቱ ደብተሩን ይዞ የመጣ ተማሪ ነው። ጸጥታና ኢንተርኔት ፈልጎ ነው። እሱም ይሁን። ለቤቱ የሚዋስ፣ የሚገለጥ፣ ቡና የፈሰሰበት መጽሐፍ በየወረዳው ቢኖር ግን ለእኔ ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ይበልጥብኛል። ክቡር መጽሐፍ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። የተወደደ መጽሐፍ ሽፋኑ ይገነጠላል።

በዚህ የምንቸገር እኛ ብቻ ነን ብላችሁ እንዳትከፉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ አንድ ጥናት ከ236,000 በላይ አሜሪካውያን ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ መርምሮ ነበር። በ2004 በአንድ ቀን ውስጥ ለደስታ ያነበበው 28 በመቶ ነበር። በ2023 16 በመቶ ሆኗል። በብሪታንያም በ2025 ከ8 እስከ 18 ዓመት ካሉ ልጆች በትርፍ ጊዜዬ ማንበብ ያስደስተኛል ያለው ከሦስት አንዱ ብቻ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ወርዶ አያውቅም። መጽሐፍ በየጥጉ ባለበት አገር ነው ይህ። እነሱ ወጥተው ነው የወረዱት፤ እኛ ገና ሳንወጣ ስልኩ ደረሰብን።

አሁን ደግሞ የራሴን ወገን ልተች። የንባብ ወዳጆች እናጋንናለን። ፌስቡክ ላይ «ስድስት ደቂቃ ማንበብ ጭንቀትን በ68 በመቶ ይቀንሳል» የሚለውን ያላጋራ የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ፣ አንድ የቸኮሌት ኩባንያ ያሠራው ሙከራ ነው። ልብ ወለድ ማንበብ የሰውን ስሜት የመረዳት ችሎታን በአንድ ጊዜ ይጨምራል የተባለውም እ.ኤ.አ. በ2013 በትልቅ መጽሔት ወጥቶ ብዙ ተወራለት፤ ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ ሙከራውን ሲደግሙት ግን ያንን ውጤት አላገኙም። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጠንከር ይላል። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ 3,635 አሜሪካውያንን ለ12 ዓመት ሲከታተሉ መጽሐፍ የሚያነቡት ከማያነቡት ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዕድሜ ጨምረው ተገኝተዋል። ጤናቸውንና ሀብታቸውን አስልተውበታል። ቢሆንም መጽሐፉ ራሱ ነው ያኖራቸው ወይስ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሌላ የተለየ ነገር አለው፣ በዚህ ዓይነት ጥናት አይለይም። ሰውን ዕድሜህ ይረዝማል ብሎ ማስነበብ ደግሞ ያው የአባቴ እንጀራ በሌላ ስም ነው።

ለእኔ ሳያጋንኑ ሊነገር የሚችለው ጥቅም ሌላ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ ብቸኛ የማይሆንበት ሰዓት ብዙ አይደለም። ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች ማታ ስልካቸው ላይ የአማርኛ ትረካ ሲያዳምጡ እንደሚያድሩ ከትረካዎቹ ሥር የሚጽፉትን አስተያየት ያየ ያውቃል። «ዛሬ ክፍል 14ን እየሰማሁ ልብስ ተኮስኩ» ዓይነት ነው። ማዳመጥ ንባብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እዚያ ቦታ ዋጋ የለውም። ለዐይን ፍጥነት አይጠቅምም፣ ለቃልና ለሐሳብ ይጠቅማል፤ ለዚያች ሌሊት ግን ይበቃል።

የውጭ አገር ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ዋሽንግተን አካባቢ ያለች ጓደኛዬ ሁለት ልጆቿን በየሳምንቱ ለአማርኛ ትምህርት ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ያንበለብሉታል። «ቤት» የሚለውን ያነቡታል፣ «በሬ»ንም። ከዚያስ? የሚቀጥለው መጽሐፍ የለም። በእንግሊዝኛ ድራጎንና ጠንቋይ የሚያነብ የአሥር ዓመት ልጅ በአማርኛ «አበበ በሶ በላ» ሲቀርብለት ይስቃል። ፊደል አስተምረን የሚነበብ ካልሰጠን፣ የቁልፍ መያዣ ሰጥተን ቁልፉን እንደመንፈግ ነው።

ይህን ቀድሞ የገባው ሰው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይመስለኛል። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበው በ19 ዓመቱ እንደሆነ ተናግሯል። ምን መጽሐፍ ነበር? ፍልስፍና አይደለም፣ ታሪክም አይደለም። በአጋጣሚ እጁ የገባ ተራ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ያ መጽሐፍ ሕይወቴን ቀየረው ይላል። ተሰዶ አሜሪካ ገባ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ፣ ከዚያ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆመ። አባቴ ያን የፍቅር መጽሐፍ በ19 ዓመቱ ልጅ እጅ ቢያየው ምን እንደሚለው አውቃለሁ።

ባለፈው ገና ለእህቴ ልጅ አንድ መጽሐፍ ሰጠኋት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ልጅና ውሻው ጠፍተው ሲንከራተቱ የሚያወራ ነው። ተቀበለችኝና መጀመሪያ ያደረገችው የመጨረሻውን ገጽ መግለጥ ነው።

«ጥያቄው የታለ?» አለችኝ።

«ጥያቄ የለውም።»

«ታዲያ ማንበቤን በምን ታውቃለህ አጎቴ?»

«አላውቅም። ካልጣመሽ ተዪው።»

ሊያታልለኝ ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ትንሽ አየችኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ በእናቷ ስልክ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ተኝታለች ተብሎ ነበር።

«አጎቴ፣ ውሻው ይሞታል እንዴ?» አለችና፣ አፌን ሳልከፍት «ቆይ ቆይ፣ እንዳትነግረኝ» ብላ ዘጋችው።